ለሥዕሉ ዋስ

መርጡለ ማርያም አጠገብ ማንም ሳያስተምረው የሚሥል አንድ የገበሬ ልጅ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ፣ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ካሠራችው ቤተ ክርስቲያን በተረፈው ግድግዳ ሥር ይቆምና ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለውን ሐረግ በጣቱ ይከተላል። ቤት ሲገባ ያንኑ በከሰል ጎተራው ላይ ይደግመዋል። እናቱ ይቆጣሉ፤ አባቱ ዝም ይላሉ።

ሲጎለምስ የሱቅ በር ከሚቀቡ ሰዎች የተረፈ የዘይት ቀለም እየለመነ አቡጀዲ ላይ ይሥል ጀመር። አንድ በጋ የአባቱን አውድማ ሣለ። ቦራ የሚሉት በሬ፣ ግንባሩ ነጭ፣ ግራ ቀንዱ ከመሐል የተሰበረ፣ ከጓደኛው ጋር ጤፉን ይረግጣል። አባትየው መንሽ ይዘው ቆመዋል። እናትየው በቢጫ ጀሪካን ውኃ ተሸክመው ይመጣሉ። ከታች፣ ከጥጉ ላይ፣ ስሙን ጻፈ። አናጢው ጎረቤታቸው በዋንዛ እንጨት ክፈፍ ሠራለት። ልጁም ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልሎ ገበያ ወረደ።

መጀመሪያ አንዲት ባለሱቅ ቀረበች።

«ስንት ነው?»

«ሁለት ሺህ ብር።»

«ክፈፉ ብቻውንስ? የልጄን የምረቃ ፎቶ ላገባበት ነበር። ሦስት መቶ እሰጥሃለሁ፣ ጨርቁን አንተው ውሰደው።»

ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ መጣ። እሱስ ሥዕሉን ራቅ ብሎም ጠጋ ብሎም አየው።

«እጅ አለህ፣ ወንድሜ። የብቸናው የቄስ አዳሙ ተስፋው ሥዕል አሜሪካ ገብቷል፤ ያንተም ይገባል። ግን እንዲህ ሆኖ አይደለም። ጀሪካኑን አጥፋና እንስራ አድርገው። ቀንዱን ቀጥል። ስምህን ፋቅ። ከዚያ ከምድጃ በላይ ስቀለው፤ ጢስ ይጠጣ። ከቅድመ አያት የወረስነው ነው ካልን ዐሥር ሺህ እከፍልሃለሁ። ለሚቀጥለው ገበያ አድርሰው።»

ዐሥር ሺህ ብር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ቦራ አርጅቷል፤ አባትየው ሸጠውት ወይፈን ሊገዙ አስበው የጎደለውን ከየት እንደሚሞሉ ጨንቋቸዋል። ልጁ ይህን ያውቃል። በገበያው ዋዜማ፣ ከሁሉ የሚቀለውን አስቀድሞ፣ ሥዕሉን ከምድጃው በላይ ሰቀለውና እርጥብ እንጨት ማገደበት።

አባትየው ሌሊት ጢሱ ቀስቅሷቸው ወጡ። ሥዕሉን አዩ፤ ልጁን አዩ። ልጁ የሚሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራቸው። አልተቆጡም።

«ነገ ቦራን ልሸጥ ነው። አብረኸኝ ሂድ። ሥዕልህንም ያዝ» ብለው ተመልሰው ተኙ።

በማግስቱ ከብት ተራ አንድ ገበሬ ቦራን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ጥርሱን ገልጦ ቆጠረ፤ ጀርባውን ዳበሰ። ዋጋ ሊቆርጡ ሲሉ አባትየው እጃቸውን አነሡ።

«ቀንዱን አይተኸዋል። ያላየኸውን ልንገርህ። በግራ ነው የሚጠመድ፤ በቀኝ ብታስገባው ሞፈር ይሰብርብሃል። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይተኛል። አትምታው፤ ጥቂት ብትታገሠው ራሱ ይነሣል።»

ገዢው ከዋጋው ሁለት ሺህ ብር ቀነሰ። አባትየው አልተከራከሩም። «እንግዲህ ዋስ ይጥሩ» አለ ገዢው። አባትየው አፋቸውን ሳይከፍቱ ሦስት ሰዎች «እኔ አለሁላቸው» እያሉ ከያሉበት መጡ።

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሁለት ሺህ ሲጎድልብኝ አይተሃል። ሦስት ሰው ሲቆምልኝም አይተሃል። ለሥዕልህ ማን ይቆምልሃል? ያ አንተ በጣትህ ስትከተለው ያደግኸው ድንጋይ አምስት መቶ ዓመት ሲያረጅ ማን ጢስ አጠነው?»

ነጋዴው ሲመጣ ልጁ ሥዕሉን ገለጠለት።

«ጥጉ ላይ የምታየው ጢስ የአንድ ሌሊት ነው፤ እኔ ነኝ ያጨስሁት። ሥዕሉ የዘንድሮ ነው። ጀሪካኑም እናቴ ውኃ የምትቀዳበት ነው። እንደዚህ ከሆነ ውሰደው።»

ነጋዴው ሳቀና ሄደ። አንድ ነገር ግን ሳይናገር ነው የሄደው። ቄስ አዳሙ ከብቸና ወጥተው አዲስ አበባ ላይ ሥዕል እየሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በ2005 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፋውለር ሙዚየም ሥራቸው ሲታይ፣ ስለ ሕይወታቸው በተጻፈው መጽሐፍ ርእስ ላይ የተቀመጠው የገዛ ስማቸው ነው። ባሕር የተሻገረው ሥዕል ስሙ የተፋቀ አልነበረም።

አባትና ልጅ ሊነሡ ሲሉ በሬውን የገዛው ገበሬ ቦራን እየሳበ በአጠገባቸው አለፈ። ሥዕሉን አየና ቆመ። ወደ በሬው ዞረ፤ ተመልሶ ወደ ሥዕሉ።

«ይኼ ቀንድ...» አለ። «ይኼ የኔው በሬ አይደለም?»

«እሱ ነው» አለ ልጁ።

ገበሬው ሳቀ። በሥዕል ነገር ገብቶ አያውቅም፤ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይበት ዕውቀትም የለውም። ያን የተሰበረ ቀንድ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት በእጁ ዳብሶታል። ነጋዴው ቀጥለው ያለው ቀንድ ዋስ ሆኖ ቆመ።

«ሺህ ብር አለኝ፤ ከዚያ በላይ የለኝም።»

«ጢሱንስ አይተኸዋል? የአንድ ሌሊት ነው። አይለቅም።»

«አይቻለሁ» አለና ከፈለ።

ሺህ ብር ወይፈን አይሞላም። በዚያ ክረምት አባትየው የቀራቸውን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አጣምረው በመቀናጆ አረሱ፤ ወይፈኑ ለሌላ ዓመት አደረ። ልጁም ሌላ አቡጀዲ ወጠረ።

ቦራ አዲሱ ጌታው ቤት ሁለት ክረምት አርሶ ሞተ። ሥዕሉ ግን ከመደቡ በላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ገብቶ «ይኼስ የጥንት ይመስላል» ሲል ባለቤቱ ከተቀመጠበት ብድግ ይልና ጥጉን በጣቱ ያሳየዋል።

«የጥንት አይደለም። ይኼ የአንድ ሌሊት ጢስ ነው፤ የሣለው ልጅ ራሱ ነግሮኛል። ስሙም ያውና።»