የከዋክብት ውበትና የባልንጀራ መብራት

የሰው ልጅ ደስታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለሌላው በተካፈለ ቁጥር የሚበዛ ደስታ አለ፤ ሌላው ካላጣ በቀር የማይገኝ ደስታም አለ። ስለ መጀመሪያው ማንም አይጠይቅም። ሁለተኛው ግን መልኩ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን በኅሊና ሚዛን ላይ መቀመጥ ይገባዋል። በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ለውይይት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ እኛ የከተማ ወጣቶች ወደ ተራራ ወጥተን በከዋክብት ውበት የምንደሰተው የተራራው ሰው መብራት ስለሌለው ከሆነ፥ ደስታችን ንጹሕ ነውን?

ጥያቄው ለአንዳንዱ አንባቢ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። «ከዋክብትን ማየት ማንን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። ማየቱስ ማንንም አይጎዳም። ሊጎዳ የሚችለው ከማየቱ ጋር ተደብቆ የሚመጣው ምኞት ነው፤ እርሱም «ይህ ስፍራ እንዳለ ይቆይልኝ» የሚለው ነው። የእኔ ምኞት ለሌላው ፍርድ የሚሆንበት ጊዜ አለና ነገሩን ቀስ ብለን እንመርምረው።

ክርክሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ ስፍራ እንምረጥ። ላሊበላ በላስታ ተራሮች መካከል ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዓለም የሚያውቃት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ ነው። ነገር ግን ከከተማዋ በላይ ሌላም ሀብት አለ። በእግር ወይም በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው ዳገት እያለፈ ሲሄድ ቁመቱ ከ4,200 ሜትር ወደሚበልጠው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ያደርሳል። በዚያ ጅብራ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል፤ ጭላዳ በመንጋ ሆኖ ሣር ይግጣል፤ ዕድል የገጠመውም ቀይ ቀበሮ ያያል። ቀኑን በዚህ ሲደሰት የዋለ መንገደኛ ማታ ድንኳኑን ተክሎ ቀና ሲል ደግሞ በከተማ ሆኖ ያላሰበው ሰማይ ይጠብቀዋል።

እንዲህ ያለ ሰማይ በዚያ የተገኘበት ምክንያት አለው። አንደኛው ከፍታው ነው። በተራራው ጫፍ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ስድሳ በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ የከዋክብቱ ብርሃን የሚያልፍበት አየር ስስ ነው። ሁለተኛው ወቅቱ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ደመናው ይገፈፋል፤ አየሩም ደረቅ ይሆናል። ሦስተኛው የስፍራው አቀማመጥ ነው። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ ይታያል፤ የደቡብ መስቀል የሚባሉት ከዋክብትም በወቅታቸው በደቡብ በኩል ይወጣሉ። የእንግሊዝ ሰው በአገሩ ሆኖ የደቡብ መስቀልን፥ የአውስትራሊያ ሰውም የሰሜን ኮከብን አያይም። የላስታ እረኛ ግን ሁለቱንም ያያል። አራተኛም ምክንያት አለ፤ እርሱን ለጊዜው ላቆየው።

ከዋክብትን ማየት ሥራ ፈትነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የሰው ዐይን ጨለማን እስኪለምድ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰማይ የሚገለጠው ለታገሠ ብቻ ነው። ከታገሠም በኋላ በአንድ ጊዜ ሁለት ሺህ የሚያህሉ ከዋክብት ያያል፤ ፍኖተ ሐሊብ የሚባለውም የከዋክብት ጎዳና ከአድማስ እስከ አድማስ ይዘረጋለታል። አንድሮሜዳ የሚባለውን የከዋክብት ጭፍራ ያለ መነጽር እንደ ትንሽ ጭጋግ አድርጎ ሲያይ፥ ወደ ዐይኑ የገባው ብርሃን ጉዞውን ከጀመረ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል። ይህን ያወቀ ወጣት ስለ ራሱ የሚያስበው አሳብ በልክ ይሆናል። አባቶቻችንም ቢሆኑ አንጋጠው መመልከትን እንደ ከንቱ ነገር አልቆጠሩትም። ጾምና በዓል የሚያወጡበት ባሕረ ሐሳብ ያለ ጨረቃ ቁጥር አይሆንም። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክም ስለ ፀሐይ፥ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት አካሄድ የሚናገር ሰፊ ክፍል አለው። እንግዲህ መዝናናቱ ራሱ የሚነቀፍ አይደለም።

አሁን ወደ አራተኛው ምክንያት ልመለስ። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ከጓደኞቼ ጋር በዚሁ መንገድ ወጥተን ነበር። ከተራራው ሥር ባለች አንዲት መንደር በእንግድነት የተቀበሉን አዛውንት፥ ማታ በደጃቸው ተሰልፈን አንጋጠን ሲያዩን ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን። ከመካከላችን አንዱ፥ «አባባ፥ ከዋክብቱን ነው የምናየው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨለማ አይገኝም» አላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጆቼ፥ እናንተ ጨለማ ፍለጋ ይህን ሁሉ ዳገት ወጣችሁ። እኛ ደግሞ ከጨለማው አውጣን እያልን ነው የምንለምነው» አሉ። በንግግራቸው ቁጣ አልነበረበትም። ከቤት ውስጥ ምራታቸው በኩራዝ ብርሃን ራት ታሰናዳ ነበር፤ የልጅ ልጃቸውም በዚያው ኩራዝ ጭስ ላይ አጎንብሶ ደብተሩን ያነብ ነበር። አራተኛው ምክንያት ይህ ነው። ሰማዩ የበራው ቤቱ ስላልበራ ነው።

ጨለማ ብቻውን በረከት አለመሆኑን ላሊበላ ራሷ ታውቃለች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ደርሶ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሕዝቡ ብዙ ወራት ያለ መብራት ኖሯል። በእነዚያ ሌሊቶች ከዋክብቱ በከተማዋ መካከል ሳይቀር ደምቀው ታይተው ይሆናል። ነገር ግን ወፍጮ ለቆመበት፥ መድኃኒት የሚያቀዘቅዝ ማሽን ለጠፋበት፥ የዘመዱን ድምፅ በስልክ መስማት ላቃተው ሰው የሰማዩ ድምቀት ምን ይጠቅመዋል? ያንኑ ሰማይ እኛ ለሦስት ሌሊት ጎብኝተነው ብንሄድ መዝናኛ ይባላል፤ እነርሱ ግን ሳይመርጡት ኖረውበታል። ልዩነቱ የመመለሻው መንገድ ነው። መመለሻ ያለው ሰው ጨለማን ሊወድ ይችላል።

ለዚህ ችግር ሁለት የተለመዱ መልሶች ይሰጣሉ። የመጀመሪያው «ያ ስፍራ እንዳለ ይቆይ፤ መብራት ውበቱን ያጠፋዋል» የሚለው ነው። ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ መብራት ያለው ሰው ነው። በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በእንጦጦ የጠፈር መመልከቻ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ መመልከቻውም የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ መብራት ከሥሩ ስለሚያስቸግር ሊቃውንቱ ለሌላ መመልከቻ ከከተማ ብርሃን የራቁትን የላሊበላን አካባቢ ተራሮች ተመልክተዋል። እነርሱ ስፍራ መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን እኛ የራሳችንን ሰማይ በመብራታችን ከሸፈንን በኋላ የገጠሩን ሰው «አንተ ለእኛ ስትል ጨልምልን» ብንለው፥ የራሱን እህል በልቶ ጨርሶ ጎረቤቱን ጹምልኝ እንደሚል ሰው እንሆናለን። በአገራችን ገና ኤሌክትሪክ ያላገኘ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ አለ። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የተደሰትነው ያ ኃይል ኩራዙን ያስጥላል ብለን አይደለምን?

ሁለተኛው መልስ «ከዋክብት ለጠገበ ሰው ናቸው፤ መጀመሪያ መብራት ይግባ፤ ሰማዩ ቢጠፋ ይጥፋ» የሚለው ነው። ይህ ለድኻ የሚያዝን ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ድኻውን የሚንቅ ነው። ድኻ ሆድ ብቻ ነው፥ ውበት አይገባውም ማለት ነውና። የዚያች መንደር ልጅ የዚያ ሰማይ እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ነው። ደግሞም ሰማይ የሚጠፋው በጩኸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከዓለም ሕዝብ ከሲሦ የሚበልጠው ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ስፍራ ሆኖ ማየት አይችልም። ይህን ሁሉ ሕዝብ ተሰብስቦ የወሰነበት የለም። አንድ መብራት ከአንድ መብራት ላይ እየተጨመረ ሳይታወቅ ሆነ። እንግዲህ ሁለተኛው መልስ ለልጁ ደብተሩን የሚያነብበትን ብርሃን ይሰጠዋል፤ ሰማዩን ግን ሳይጠይቀው ይወስድበታል።

ሁለቱም መልሶች አንድ ስሕተት አላቸው፤ መብራትና ከዋክብት አንድ ላይ አይኖሩም ብለው ያምናሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሰማይን የሚያጠፋው በቤት ውስጥ ያለው አምፑል ሳይሆን በመንገድና በአደባባይ ተሰቅሎ ወደ ጎንና ወደ ላይ የሚረጨው ብርሃን ነው። ወደ ላይ የሄደ ብርሃን ለማንም እግር አይጠቅምም፤ ገንዘብ የተከፈለበት ብክነት ነው። የመንገዱ መብራት ከላይ ክዳን ቢደረግለት፥ ብርሃኑ ወደ መሬት ብቻ ቢወርድ፥ ቀለሙም ሰማያዊ የሚያደላበት ነጭ ሳይሆን ወደ ቢጫ የሚያዘነብል ቢሆን መንገደኛው ይበልጥ ያያል፤ ሰማዩም ብዙ አይጎዳም። በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት በ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው የፍላግስታፍ ከተማ ለዚህ ምስክር ናት። በ1894 እ.ኤ.አ. የሎዌል የጠፈር መመልከቻ ተቋቋመባት፤ ፕሉቶም በ1930 የተገኘው በዚያ ነው። ከተማዋ በ1958 ለማስታወቂያ ወደ ሰማይ የሚበሩትን ታላላቅ መብራቶች የሚከለክል ደንብ አወጣች፤ በ2001ም በዓለም የመጀመሪያዋ የጨለማ ሰማይ ከተማ ተብላ ተሰየመች። ሕዝቧ በኩራዝ አይኖርም። መንገዷም ቤቷም መብራት አለው።

«ይህ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ይኖራል። እኔ ግን የእኛ ዕድል ይበልጣል እላለሁ። ያረጀውን መብራት አውርዶ በሌላ መተካት ውድ ነው፤ ገና ያልተሰቀለውን ከመጀመሪያው አስተካክሎ መስቀል ግን ትንሽ ማሰብ ብቻ ይጠይቃል። መብራት ዘግይቶ የሚደርሳት መንደር ቀድመው ያገኙት ያጠፉትን ሳታጠፋ ልትቀበለው ትችላለች። ይሁንና ውሳኔው የነዋሪዎቹ ነው እንጂ የጎብኝው አይደለም። እኛ መንገር እንችላለን፤ ማዘዝ አንችልም።

ደግሞም ነገሩን አላሳምረውም። ክዳኑ በጥንቃቄ ቢሠራም እንኳ መብራት ከገባ በኋላ አንዳንድ ደካማ ከዋክብት ከመንደሩ ላይ መጥፋታቸው አይቀርም። ይህን ዋጋ ማን ይክፈል? የእኔ መልስ ለመዝናናት የመጣው ይክፈል የሚል ነው። ከዋክብቱን ይበልጥ ለማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ሰዓት ተጨማሪ ዳገት ይውጣ። ለእርሱ አንድ ሰዓት ድካም ነው፤ ለዚያ ልጅ ግን አንድ ሰዓት መብራት አንድ ሰዓት ትምህርት ነው።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ ደስታችንን የምንመዝንበት አንድ መለኪያ ላቅርብ። ሰው በአንድ ነገር ሲደሰት ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «ባልንጀራዬ ነገ ቢያልፍለት በዚህ አዝናለሁን?» የሚያዝን ከሆነ ደስታው ከባልንጀራው ችግር ላይ የበቀለ ነው፤ ሥሩ ይመርመር። የማያዝን ከሆነ ግን ያለ ፍርሃት ይደሰት።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ ተራራ እንውጣ። ስንወጣ መሪያችንም የበቅሎው ባለቤትም የአካባቢው ሰው ይሁን፤ ተገቢውን ዋጋም ሳንከራከር እንክፈለው። ባትሪያችንን ወደ ሰው ደጅና ወደ ከብቶች በረት አናብራ፤ ቀይ ጨርቅ ብንሸፍንበት ዐይናችንም ጨለማውን እንደ ለመደ ይቆያል። በመንደሩ ድህነት ላይ «እንዴት ያለ ሰላም ነው!» እያልን አንቀኝ። ከሁሉ በፊት ግን ከራሳችን እንጀምር። በየግቢያችን ሌሊቱን ሙሉ ለማንም ሳይጠቅም ወደ ሰማይ የሚበራ መብራት ካለ ክዳን እናድርግለት፤ የማያስፈልገውንም እናጥፋው። የላስታ ልጅ መብራት ሲያገኝ፥ የአዲስ አበባም ልጅ በደጁ ሆኖ ጥቂት ከዋክብትን መልሶ ሲያይ፥ ያን ጊዜ ሰማይ የሁላችንም ይሆናል።