መቅረብም መጓጓዣ ነው

ሰሞኑን አመሻሽ ላይ ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በእግሬ ወጣሁ። ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ መንገድ እፈራ ነበር፤ ዱሮ እዚያ የሚሄድ ሰው ከተሰባበረ ንጣፍና ከክፍት ቱቦ ጋር እየታገለ ነው። አሁን የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ለብስክሌትም መስመር ወጥቶለታል። ደስ አለኝ፤ ውሸት ምን ያደርጋል!

አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የማውቃትን የጽዳት ሠራተኛ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ጠፉ!»

«የጠፋሽውስ አንቺ!» አልኳት።

ቤቷ ከመሥሪያ ቤቷ ጀርባ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ገላን ጉራ ደረሳት።

«ቤቱስ እንዴት ነው?»

«ቤቱስ ጥሩ ነው፤ መንገዱ ነው የገደለኝ። ዱሮ ልጄን ምሳ አብልቼው እመለስ ነበር። አሁን የማየው ተኝቶ ነው።»

ስለ ትራንስፖርት አማራጭ ስናወራ መቁጠር እንወዳለን፦ አንበሳ አውቶቡስ፣ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ፣ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡር፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ አሁን ደግሞ ብስክሌት። ታዲያ የዚህች ሴት ምርጫ ሰፋ ወይስ ጠበበ? ዱሮ ምንም አትሳፈርም፤ ሒሳብም አትከፍልም። መጓጓዣዋ ቅርበቷ ነበር። በቆጠራችን ውስጥ ግን ቅርበት የሚባል ተሽከርካሪ የለም።

የሰፈሩ ስም እንኳ ይታዘበናል። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው፣ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራበት ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም ነው፤ «ካዛ» ቤት ማለት ነው። የሠራተኛ ቤት በሚል ስም የሚጠራ ሰፈር ሠራተኛዋን ሸኛት።

«የፈረሰው እኮ የጭቃ ቤት ነው፤ ከተማ ሳያፈርስ አያድግም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እውነት አላቸው፤ እሷም ለአሮጌው ጣሪያ አላለቀሰችም። ነገር ግን የአንዱ ምርጫ የሰፋው የሌላው ጠቦ ከሆነ፣ ትርፉን ብቻ ቆጥሮ ሒሳብ መዝጋት ደግ አይደለም። እኔ ተዝናንቼ የረገጥኩት ንጣፍ የእሷ ደጃፍ የነበረ ይሆናል። ጥፋተኛ ነኝ አልልም፤ ባለዕዳ ግን ነኝ። ዕዳውን መክፈል የሚጀመረው መንገድ ሲመረቅ «ማን ከሥራው ራቀ?» ብሎ በመጠየቅ፣ ለራቀውም ከሪባኑ በፊት አውቶቡሱን በማድረስ ይመስለኛል።

ጨዋታችንን ሳንጨርስ ስልኳን አውጥታ ሰዓት አየች።

«ጋሼ፣ ሰልፉ ሳይረዝም ልሂድ።»

እኔ ቤቴ በእግሬ ገባሁ።