ሁለቱ ላዳዎች

አንድ ነገር ስሙን እንደያዘ እስከ ምን ድረስ መለወጥ ይችላል? ፕሉታርክ እንደጻፈው የአቴና ፈላስፎች በቴሴዎስ መርከብ ተከራክረዋል። ያረጀው ሳንቃ አንድ በአንድ እየተነቀለ በአዲስ ሲተካ፣ ገሚሱ ያው መርከብ ነው፣ ገሚሱ የለም ሌላ ነው አሉ። መርከብ ለየካ ልጅ ሩቅ ነውና እኔ በላዳ እከራከራለሁ።

ላዳ ራሷ የተለወጠች መኪና ናት። አባቷ የጣልያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውለው በቮልጋ ዳር፣ በቶልያቲ ከተማ ፋብሪካ አቆሙ። በ1970 የመጀመሪያዎቹ ሲወጡ ብረታቸው ወፍሯል፤ ከመሬት ከፍ ብለዋል፤ የኋላው ዲስክ ፍሬን በታምቡር ተተክቷል። ለክፉ መንገድ ታስቦ ነው። በደርግ ዘመን በብዛት ወደ አገራችን ገብታ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ የሆነችው ይህችው ናት።

እህቷ ግን ሌላ ዕጣ ደረሳት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሊቱዌንያ ዋና ከተማ በቪልኒየስ፣ ስታሲስ ብሩንድዛ የሚባል የራሊ ነጂ የሚመራው ድርጅት ከላዳ 2105 ላይ ቪ.ኤፍ.ቲ.ኤስ. የተባለች የውድድር መኪና ሠራ። የተራዋ ጉልበት 60 እና 70 ፈረስ መካከል ሲሆን የዚችኛዋ ወደ 160 ዘለለ። በሮቿ እንዲቀሉ አልሙኒየም ሆኑ። የኋላ ወንበሯ ወጥቶ ተጣለ፤ ነጂና መንገድ አንባቢ ብቻ ቀሩ። ታዲያ አሁንም ላዳ ናት?

የያኔው የግሩፕ ቢ ደንብ መልስ ነበረው፦ 200 ያህል ከተሠራች ይበቃል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ቁጥር ነው። ለመሆኑ አንድ ነገር ስንት ሰው ሲደርሰው ነው የጋራ የሚባለው? ፋብሪካዎቹ ስሙን የፈለጉት ገዢው «ያሸነፈችው የኔዋ ናት» እንዲል ነው። የብሩንድዛ ላዳ በዚህ ረገድ ጨዋ ናት፤ ሞተሯ ከፊት፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ፣ ልክ እንደ እናቷ። ፔዦ 205 ቱርቦ 16 ግን ሞተሩ ከነጂው ጀርባ ነበር፤ በየመንገዱ ከሚታየው 205 ጋር የሚጋራው መልኩንና ስሙን ነው ማለት ይቻላል። ላንሲያ ዴልታ ኤስ 4 ም እንደዚያው። በግንቦት 1986 ሄንሪ ቶይቮነንና ሰርጆ ክሬስቶ ኮርሲካ ላይ በዚያ መኪና ተቃጥለው ሞቱ፤ ግሩፕ ቢም ተሻረ። ከ1987 ጀምሮ ደንቡ 5000 መኪና ጠየቀ። ላንሲያ ከእውነተኛው ዴልታ ጋር ታርቆ እስከ 1992 ድረስ ስድስት ጊዜ በተከታታይ የፋብሪካዎቹን ዋንጫ ወሰደ። ሐቀኝነት በቁጥር ሲገደድም ይሠራል ማለት ነው!

አሁን ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እንውጣ። ሰፈሩ የእንጦጦን እግር ይዞ ዳገት ነው፤ የተራራው ጫፍ ደግሞ ከ3000 ሜትር ያልፋል። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ካርቡራተሩም ቤንዚን ያበዛና ጭሱ ይጠቁራል። ያቺ አሮጊት ላዳ በሯ ከሌላ ላዳ፣ ራዲያተሯ ከሶማሌ ተራ፣ ቀለሟ በየጊዜው አዲስ ነው። የፋብሪካ ብሎን ከቀረላት እንኳ እሰየው። ግን የኋላ ወንበሯ አለ። ሦስት ሰው ከነዘንቢሉ ተቀምጦባት ትወጣለች። በኔ ፍርድ በቪልኒየስ ካለችው ይልቅ ስሙ የሚገባው ለዚች ነው፤ ሁለቱም ተለውጠዋል፣ አንዷ ግን የተሠራችበትን ጉዳይ አልለቀቀችም።

ነገሩ እኛንም ይነካል እኮ። ከኮተቤ ወይም ከቀበና ተነሥቶ ስድስት ኪሎ የገባ ልጅ በሦስት ዓመት ውስጥ አነጋገሩም፣ ንባቡም፣ ቀልዱም ይለወጣል፤ «የድሃ ልጅ ነኝ» የሚለውን ስም ግን አይጥልም፤ በክርክር ላይ ያሸንፍበታልና። መለወጡን አልነቅፍም፤ ሊለወጥ ነው የተላከው። የምጠይቀው ስለ ወንበሩ ነው። እንዲቀልለው ብሎ ከኋላው የሚሳፈሩበትን ነቅሎ ጥሏል ወይስ ትቶላቸዋል? ከመቶ አንድ ሰው አልፎ ሰፈሩ በሙሉ «አለፈልን» ቢል፣ ያ የ200ው ዓይነት ሒሳብ አይደለም?

አንድ የዶርም ወዳጄ በዚህ አይስማማም። መኪና ካልተፈተነ ምኑ ይታወቃል፤ ራሊ መፈተኛ ነው፤ ቀላሏ መኪና ፈጥና ሄዳ የተማረችውን ለከባዷ ትመልሳለች ይላል። እውነት አለው፤ ዴልታ ላይ ታይቷል። ግን ዴልታም የመለሰችው 5000 ግቢ ስለተባለች ነው። በቪልኒየስ የተገኘው 160 ፈረስ ደግሞ ወደ ፈረንሳይ ዳገት አልደረሰም። እዚያ ዛሬም ላዳዋ ስትቆም ከጎማዋ ኋላ ድንጋይ ይደረግላታል፤ ሹፌሩ ወርዶ ውሃ እስኪጨምር ተሳፋሪው ይጠብቃል።