የሟች ኑዛዜና የሕያዋን ችግር

ሰው ከገንዘቡ ከፍሎ ለበጎ ሥራ በሰጠ ጊዜ ገንዘቡ የማን ነው? የሰጪው ነው እንዳይባል ከእጁ ወጥቷል፤ የተቀባዩ ነው እንዳይባል ደግሞ ሰጪው «ለዚህ ብቻ ይሁን» ብሎ አስሮታል። ሰጪው በሕይወት ሳለ ይህ ጥያቄ ብዙ አያስቸግርም፤ ቢሳሳት ይመክሩታል፤ ጊዜው ቢለወጥ ቃሉን ያሻሽላል። ከሞተ በኋላ ግን ማንም ሊጠይቀው አይችልም፤ ቃሉ በተጻፈበት ጸንቶ ይኖራል፤ ችግሩ ግን ከዘመን ጋራ ይለወጣል።

ይህስ በምን ይታወቃል ቢሉ፣ በአሜሪካ አገር በሆነው ነገር ይታወቃል። በሴንት ሉዊስ ከተማ የኖረውና በ1851 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሞተው ብራያን ሙላንፊ ከሀብቱ ሢሶውን፣ ወደ ምዕራብ ሊሰፍሩ በዚያች ከተማ በኩል ለሚያልፉ ድኆች ስደተኞች መርጃ እንዲሆን ተናዘዘ። በዚያን ጊዜ ስደተኛው በየቀኑ ያልፍ ነበርና ኑዛዜው ርኅራኄም ማስተዋልም ነበረበት። ኋላ ግን የምድር ባቡር ተዘረጋ፤ ምዕራቡም ተሞላ፤ መንገደኛው ጠፋ፤ ገንዘቡ ግን ተቀባይ እንዳጣ ቆየ።

ቤንጃሚን ፍራንክሊንም በ1790 ሲሞት ለቦስተንና ለፊላደልፊያ ከተሞች አንድ አንድ ሺህ የእንግሊዝ ፓውንድ ትቶ፣ ገንዘቡ የእጅ ሥራ ተምረው ለጨረሱ፣ ሚስት ላገቡ፣ ዕድሜአቸው ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ጐልማሶች በብድር እንዲሰጥና እስከ 200 ዓመት ድረስ እንዲረባ አዘዘ። ፍራንክሊን እጅግ ብልህ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ፋብሪካ መጥቶ፣ ልጅ ከባለሙያ ዘንድ ተቀምጦ ሙያ የሚማርበትን ሥርዓት እንደሚሽረው አላየም። ተበዳሪው እያነሰ ሄደ። በቦስተን ከመቶ ዓመት በኋላ ከገንዘቡ የተከፈለው ድርሻ በ1908 የተከፈተውን የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት አቆመ፤ የሟቹ አሳብ የተፈጸመው እንግዲህ ሕያዋን መንገዱን በለወጡለት ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ ያስተዋለ ፍሬደሪክ ጎፍ የሚባል የሕግ ዐዋቂና የባንክ አለቃ በ1914 የክሊቭላንድን ፋውንዴሽን አቋቋመ። ይህም ከከተማ ፋውንዴሽኖች ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ ዛሬ እንዲህ ያሉት በዓለም ከ1000 ይበልጣሉ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ብዙ ሰዎች የሰጡት ገንዘብ በአንድነት ተቀምጦ ይረባል፤ ከትርፉም ለከተማው ትምህርት ቤቶችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት ርዳታ ይሰጣል። ሰጪው የሚወደውን ሥራ ሊያመለክት ይችላል፤ ነገር ግን ያ ሥራ የማያስፈልግ ወይም የማይፈጸም በሆነ ጊዜ፣ ወይም ከከተማው ችግር ጋራ ባልተስማማ ጊዜ፣ ሸንጎው ገንዘቡን ወደ ሌላ በጎ ሥራ ሊያዞረው ሥልጣን አለው። ባንኩም ብቻውን እንዳይፈርድ ከንቲባውና ዳኞች ከሸንጎው አባላት አንዳንዱን እንዲመርጡ ተደረገ። ገንዘቡ ገና ሳይጠራቀም ፋውንዴሽኑ በ1915ና በ1916 የከተማውን ትምህርት ቤቶች አስመረመረ፤ ምርመራውም 25 መጻሕፍት ሆኖ ታተመ። ከመስጠት በፊት መጠየቅ እንደሚገባ በዚህ ታወቀ።

«የሟች ቃል እንዴት ይፈርሳል? አደራስ የት አለ?» የሚል ይኖራል። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያም ነገሥታትና መኳንንት ለአድባራት ጉልት ሲሰጡ ስጦታውን በወንጌሉ ኅዳግ ያጽፉ፣ የሚያፈርሰውንም ያስገዝቱ ነበር፤ ግዝቱ ባይኖር ኃይለኛው የደካማውን ድርሻ በነጠቀው ነበርና። ነገር ግን አደራ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የሰጪው ቃል፣ ሁለተኛው የሰጪው ርኅራኄ ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ቃሉን መጠበቅ ይገባል፤ ሲለያዩ ግን መንገደኛ በሌለበት መንገድ ስንቅ ይዞ መቆም አደራን መጠበቅ አይደለም። ጠባቂው ከርኅራኄው ወጥቶ ለራሱ ጥቅም ቢያዞረው ደግሞ እርሱ ሌባ ነው። መለየቱ የሚሆነው ሥራው በግልጥ ሲታይና ሒሳቡ በሕዝብ ፊት ሲነበብ ነው።

ሆኖም ሸንጎው ሕያው ስለ ሆነ ብቻ ትክክል አይደለም፤ ሕያው እጅም ይጨብጣልና። ሁለት ተቋማት አሉ እንበል። አንደኛው ትልቅ ነው፤ ማመልከቻ የሚጽፉለት ደመወዝተኞች አሉት። ሁለተኛው ስደተኞች ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ቋንቋ የሚማሩበት ትንሽ ቤት ነው፤ መምህሩ መጥረጊያውንም የሚይዝ እርሱ ነው። ሸንጎው ባማረው ማመልከቻ ከፈረደ ርዳታው ወደ ችግሩ ሳይሆን ወደ ጽሕፈቱ ይሄዳል። ከዚያም የባሰ አለ፤ ትንሹ ቤት ርዳታ እንዳይቀርበት ብሎ ሰጪዎቹ በዚያ ዓመት የወደዱትን ነገር ማስተማር ይጀምራል፤ ተማሪዎቹ የሚሹትንም ይተዋል። እንዲህ ከሆነ ከሟች ቃል እስራት የወጣው ገንዘብ ድኃውን በሌላ ገመድ አሰረው ማለት ነው።

የመንደር ሰው ለቆሎ ተማሪ ቍራሽ ሲሰጥ ግን ዜማ ትማራለህ ወይስ ቅኔ ብሎ አይጠይቅም፤ ምን ማስተማር እንደሚገባ የሚያውቀው መምህሩ ነውና። በ1967 እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር የገጠር መሬት ሁሉ በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን የአድባራቱም መሬት ሄደ፤ ግዝቱም አላስቀረውም። የቅኔ ቤት ግን በቍራሹ ቆየ። እርግጥ ቍራሽ ቤተ መጻሕፍት አያሠራም፤ ልጁም በብዙ ቀን ጦሙን አድሯል፤ ስለዚህ ተጠራቅሞ የሚረባ ገንዘብ ያስፈልጋል። ነገር ግን ትልቁ ገንዘብ ከትንሹ ቍራሽ አንድ ነገር ሊማር ይገባዋል፤ ይኸውም ከሰጡ በኋላ እጅን መልቀቅ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ለተጠየቀው መልሱ ይህ ነው። የተሰጠ ገንዘብ የሰጪውም የሸንጎውም አይደለም፤ የችግረኛው ነው። ሰጪው የሚተወው ቃል ሸንጎውን ወደ ችግረኛው የሚመራ ምልክት ነው፤ ሸንጎውም መልእክተኛ ነው። መልእክተኛ ደግሞ የተላከበትን ቤት በር ራሱ ሄዶ ያንኳኳል እንጂ ባለቤቱ ደጅ እስኪጠናው ድረስ ተቀምጦ አይጠብቅም።