ስለ አሮጌ ጫማ ዋጋ

አሮጌ የቆዳ ጫማ በገበያ ላይ ሲገኝ አንዱ ሰው ረግጦት ያልፋል፤ ሌላው ግን አንሥቶ አገላብጦ ይመረምረዋል፥ ስለ እርሱም ብዙ ገንዘብ ይከፍላል። ቆዳው አንድ ሲሆን የሁለቱ ፍርድ ስለምን ተለያየ? ዋጋው ያለው በቆዳው ነውን? ወይስ በዘመኑ? ወይስ በተጫማው ሰው?

ዘመኑን የሚመረምሩ ሰዎች አስቀድመው ቅርጹን ያያሉ። በአውሮፓ ከ17ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ እስከ 19ኛው መጀመሪያ ድረስ አብዛኛው ጫማ ቀጥ ባለ አንድ ፎርማ ይሠራ ስለ ነበረ ቀኝና ግራ አልነበረውም፤ ቀኝ ወይም ግራ የሚሆነው እግር ካረጀው በኋላ ነበር። ደግሞም ስፌቱን ይመለከታሉ። የጫማን ታች ከላዩ ጋራ የሚሰፋውን መኪና አሜሪካዊው ላይማን ብሌክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1858 ዓ.ም. በስሙ አስመዝግቧል። ስለዚህ ታቹ በኋላ ካልተለወጠለት በቀር፥ እንዲህ ያለ ስፌት ያለበትን ጫማ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ወይ አላወቀም ወይ ይዋሻል።

ዓይን ግን ብቻውን አይታመንም። በ2008 በአርመን አገር በአሬኒ ዋሻ አንድ የቀኝ እግር ጫማ ተገኘ። ከአንድ የላም ቆዳ ተቈርጦ በጠፍር የተሳበ፥ ውስጡም ሣር የተጐሰጐሰበት ነው። የዋሻው ድርቀትና በላዩ የተከመረው የበግ በጠጥ እጅግ ስለ ጠበቁት፥ ያገኙት ሊቃውንት መጀመሪያ የስድስት ወይም የሰባት መቶ ዓመት ዕድሜ ሰጡት። ቆዳውና ሣሩ በተመረመረ ጊዜ ግን 5,500 ዓመት ያህል ሆኖት ተገኘ። ሣሩ እግርን ለማሞቅ ይሁን ቅርጹን ለመጠበቅ አልታወቀም፤ ነገር ግን ያን ሣር የጐሰጐሰ እጅ የሰው እጅ መሆኑ ለተመልካች ልብ ይበቃል።

ዘመን ብቻ ዋጋን ይሰጣል እንዳይባል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የፈረንሳይ ንግሥት የማሪ አንቷኔት ነው የተባለ፥ ከሐርና ከፍየል ቆዳ የተሠራ አንድ ጫማ በ2020 በቬርሳይ ከተማ በጨረታ 43,750 ዩሮ አወጣ። ጥንድ እንኳ አይደለም። በዚያው ዘመን፥ በዚያው ዓይነት ቆዳ የተሠራ የአንዲት ስሟ ያልታወቀ ሴት ጫማ ቢሆን ይህን ገንዘብ አያመጣም ነበር። እንግዲህ ገዢው የገዛው ፍየሏን አይደለም፤ ይህ የንግሥቲቱ ነው የሚለውን ምስክርነት ነው እንጂ። ምስክርነቱ ሐሰት ቢሆን ጫማው ሳይለወጥ ዋጋው ይወድቃል። ከዚህም የተነሣ በአሮጌ ዕቃ ንግድ መዋሸት ከሌላው ንግድ ሁሉ ይልቅ ይከፋል፤ እህል ሻጭ ቢዋሽ እህሉ አይጠፋም፥ በዚህ ግን የሚሸጠው እውነቱ ራሱ ነው።

በቅኔ ቤት ሰሙን ያላወቀ ወርቁን አያገኝም። የጫማ ሰሙ ቆዳውና ስፌቱ ሲሆን፥ ወርቁ የተጨማደደው ጐኑ፥ የተበላው ተረከዙ፥ የአውራ ጣት ጐድጓዳ ምልክቱ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ጫማ አሳምራለሁ ብሎ ቀለም የሚቀባ፥ ጭምድዱንም የሚያቃና ሰው ሰሙን አስውቦ ወርቁን ይቀብረዋል። እንዲህ ያለው እጅ ጠጋኝ ተብሎ ሲመሰገን መስማት ያሳዝናል።

የገበያ ሚዛን ፈጽሞ የማይደርስበት ጫማም አለ። በፖላንድ አገር በአውሽቪትዝ ከ100,000 የሚበልጥ የተገደሉ ሰዎች ጫማ ይጠበቃል፤ ከዚህም 8,000 ያህሉ የሕፃናት ነው። በ2023 የሕፃናቱን ጫማ ከመበስበስ ለማዳን ሥራ ሲጀመር ጠባቂዎቹ አዲስ ሊያደርጉት አልሞከሩም፤ አቧራውን አራገፉ፥ በጥንቃቄ አጸዱት፥ ፎቶግራፍ አንሥተው በየተራው መዘገቡት። ከዚያ ቀደም፥ በ2020፥ ከእነዚሁ ጫማዎች በአንዱ ውስጥ በእጅ የተጻፈ የአንድ ሕፃን ስም ተገኝቶ ነበር። ሕፃኑ ከእናቱ ጋራ በ1944 ወደዚያ የተወሰደ ሲሆን፥ ጫማው እንዳይጠፋበት ስሙን ያስጻፈችው እናቱ ሳትሆን አትቀርም።