የሰው ርስት፣ የሕዝብ መንገድ

በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተርና በሸፊልድ ከተሞች መካከል፣ ኢዴል የምትባል ትንሽ መንደር አለች። መንደር ትባል እንጂ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ተበታትነው የቆሙ አምስት ሰፈሮች ናት፤ የአምስቱም ስም «ቡዝ» በሚለው ቃል ይፈጸማል፤ ትርጓሜውም በጥንት ዘመን የከብት ጠባቂዎች ጎጆ ማለት ነበረ። ኖ የሚባል ትንሽ ወንዝ በሸለቆው ውስጥ ይወርዳል። በስተሰሜን አናቱ ጠፍጣፋና ጥቁር የሆነው የኪንደር ስካውት አምባ 636 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል፤ በስተደቡብ ደግሞ የጥንት ሰዎች ምሽግ በራሱ ላይ ያለበት ማም ቶር 517 ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል። ደጋ ለለመደ አንባቢ ይህ ከፍታ ለመወራት እንኳ የሚበቃ አይደለም። የማም ቶር ጎን ዘወትር ስለሚናድ በሥሩ ያልፍ የነበረው የመኪና መንገድ በ1979 ዓ.ም. ፈጽሞ ተዘግቷል፤ እግረኛው ግን በፍርስራሹ ላይ እስከ ዛሬ ይመላለስበታል። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡር ከመንደሪቱ አጠገብ ይቆማል። ከባቡሩ የወረደ መንገደኛ የከብት በር ከፍቶ ወደ ለመለመው መስክ ይገባል፤ በጎቹ ቀና ብለው አይተውት ወደ ግጦሻቸው ይመለሳሉ። ያለ ጭቃ በተካበው የድንጋይ ካብ ላይ፣ በግ የማይወጣው ሰው ግን የሚሻገርበት መረገጫ ተሠርቶለታል። አንዳንድ ጊዜም መንገዱ በቀጥታ በገበሬው ግቢ ውስጥ፣ በበረቱና በቤቱ ደጃፍ መካከል ያልፋል። መንገደኛው ሰላምታ ሰጥቶ በሩን ከኋላው መልሶ ይሄዳል። ፈቃድ አልጠየቀም፤ ገበሬውም ወዴት ትሄዳለህ ብሎ አልጠየቀውም። ከእንጨት ምሰሶ ላይ «የሕዝብ የእግር መንገድ» የሚል ጽሕፈት አለ፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ከሸለቆው ውበት ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ይህ ነው።

አንድ መሬት የእኔ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? ልንዘራበት፣ ልናጭደው፣ ልንሸጠው፣ ለልጆቻችንም ልናወርሰው እንችላለን ማለት እንደ ሆነ ሁሉም ይስማማል። ነገር ግን ሌላው ሰው እንዳይረግጠው፣ ከላዩም ቆሞ አገር እንዳያይበት ልንከለክል እንችላለን ማለት ነውን? ሁለቱ ነገሮች ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በእኛ አሳብ ግን አንድ አይደሉም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1689 ዓ.ም. ስለ መንግሥት አስተዳደር ባወጣው ድርሰቱ፣ ሰው በመሬት ላይ የሚያገኘው መብት ከድካሙ የሚመነጭ መሆኑን አስረድቷል፤ ይኸውም ለሌሎቹ በቂና መልካም የሆነ ተርፎላቸው እንደ ሆነ ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን፣ ካቡን የካበውና ሣሩን ያጨደው የኢዴል ገበሬ መብቱ የጸና ነው። ማንም ያላረሰው የኪንደር አናት ግን የማን ድካም አለበት?

ከ1604 እስከ 1914 ዓ.ም. ድረስ የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 የሚበልጡ የማጠሪያ ሕጎች አውጥቶ፣ ከአገሩ መሬት አንድ አምስተኛውን ያህል ከጋራ ይዞታ ወደ ግል ርስትነት አዛውሯል። ኪንደርም በ19ኛው መቶ ዓመት በዚሁ መንገድ ታጠረ። ባለርስቶቹ አምባውን የፈለጉት ቆቅ ለሚመስለው ግራውስ ለሚባል የዱር ወፍ አደን ነበረ፤ አደኑም በነሐሴ አጋማሽ ግድም ተጀምሮ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚካሄድ ነው። በቀረው ጊዜ ሁሉ አምባውን የሚረግጡት የአደን ጠባቂዎች ነበሩ። በሁለቱም ወገን ባሉት ከተሞች ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የፋብሪካ ጢስ የሚተነፍስ፣ እሑድ ብቻ የሚያርፍ ሠራተኛ ተራራውን ከሩቅ ያይ ነበረ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1932 ዓ.ም. እሑድ ነበረ። አራት መቶ የሚሆኑ ሰዎች ከአምባው በስተምዕራብ ካለችው ከሄይፊልድ ተነሥተው ወደ ተከለከለው መሬት ወጡ፤ ከሸፊልድ የመጡ ጥቂቶች ደግሞ በኢዴል በኩል ወጥተው ተገናኟቸው። መሪያቸው ቤኒ ሮትማን የ20 ዓመት ወጣት ነበረ። ከጠባቂዎቹ ጋር ግብግብ ተነሥቶ አንድ ጠባቂ ተጐዳ። አምስት ወጣቶች ከሁለት እስከ ስድስት ወር ታሰሩ፤ የሮትማን ድርሻ አራት ወር ነበረ። በሰው መሬት መግባት በእንግሊዝ ሕግ በራሱ ወንጀል ስላልነበረ ክሱ ስለ መግባት ሳይሆን ስለ ሁከት ነበረ። እንግዲህ «የገባ ይቀጣል» እያሉ በየካቡ ላይ የተለጠፉት ማስታወቂያዎች ከማስፈራራት በቀር ብዙ ኃይል አልነበራቸውም ማለት ነው። የቀደሙት የእግረኞች ማኅበራትም ብዙዎቹ ድርጊቱን አልወደዱትም፤ በልመናና በድርድር የምናገኘውን ያበላሽብናል ብለው ሰግተው ነበርና። ይህንን ስጋት በፍርሃት ብቻ አንተረጕመውም፤ የተጐዳው ጠባቂ እንጀራውን ለማግኘት የቆመ ተቀጣሪ እንጂ ባለርስት አልነበረም።

በዚያው በ1932 ዓ.ም. ፓርላማው ያወጣው የመተላለፊያ መብት ሕግ ግን ከግብግቡ ይልቅ ያራምደናል። አሳቡ እንዲህ ነው፤ ሕዝብ በአንድ መንገድ ላይ ሳይደበቅ፣ ፈቃድም ሳይጠይቅ፣ ሳይከለከልም 20 ዓመት ከተመላለሰበት፣ ባለርስቱ ለመተላለፊያ እንዳልሰጠ በቂ ማስረጃ ካላቀረበ በቀር መንገዱ የሕዝብ ሆኗል። ባለርስትነት በወረቀትና በማኅተም ይጸናል፤ ይህ መብት ግን በእግር ይጻፋል። የጻፉትም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄዱ አሮጊቶች፣ ወደ ወፍጮ የተላኩ ልጆች፣ ስማቸው በየትም መዝገብ የሌለ ሰዎች ናቸው። ሎክ ድካም ያለውን ነገር እኛ በመመላለስም እናገኘዋለን ብንል ከትምህርቱ እጅግ የራቅን አይመስለንም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1949 ዓ.ም. ስለ ብሔራዊ ፓርኮችና ወደ ገጠር ስለ መግባት ሕግ ወጣ፤ በ1951 ዓ.ም. ኢዴልን የሚይዘው የፒክ አውራጃ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1965 ዓ.ም. ከኢዴል ተነሥቶ እስከ ስኮትላንድ ወሰን የሚደርሰው 268 ማይል ርዝመት ያለው የፔናይን መንገድ ተከፈተ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ሕግም በተራራና በጠፍ ሜዳ ላይ ከመንገዱ ወጥቶ መራመድን ፈቀደ። በ2002 ዓ.ም. በሰባኛው ዓመት መታሰቢያ ላይ የባለርስቱ የልጅ ልጅ የዴቮንሺር መስፍን በአደባባይ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ።

የገበሬው ነገር ግን በይቅርታ አልተፈጸመም። በሚያዝያ በጎች ሲወልዱ ያልታሰረ የመንገደኛ ውሻ ግልገል ይገድላል፤ ያልተዘጋ በር መንጋውን ወደ አውራ ጐዳና ያወጣል። መንገደኛው አይቶ ደስ የሚለው ካብ በየጊዜው የሚያድሰው ሰው ከሌለ ክምር ድንጋይ ነው። መንገደኛው ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አይከፍልም፤ የሚጠበቅበት በሩን መዝጋት ብቻ ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን ባለርስቱ ሕግ አስገድዶት ከሚያደርገው ይልቅ፣ ማንም በማያይበት መስክ መካከል መንገደኛው በፈቃዱ የሚያደርጋት ይህች ነገር ከመብቱ ጋር የምትመጣጠን ይመስለናል።

አምባው ራሱ ሌላ ጥያቄ አምጥቷል። የኪንደር አናት ለብዙ ሺህ ዓመታት ከበሰበሰ ዕፅ የተከማቸ፣ ፒት የሚባል ለስላሳ ጥቁር አፈር ነው። የሚመጣው ሰው በበዛ ጊዜ አንዱ የረገጠውን ሌላው እየሸሸ ሲሄድ መንገዱ እየሰፋ ወደ ጭቃ ተለወጠ። ስለዚህ በኢዴል በኩል የነበረው የፔናይን መንገድ መነሻ ከለስላሳው አምባ ተነሥቶ የያዕቆብ መሰላል ወደሚባለው ዳገት ዞረ። እጅግ በቈሰሉት ስፍራዎች ላይ ደግሞ ትልልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በሄሊኮፕተር እየተጫኑ ተነጠፉ። ድንጋዮቹ ከየት እንደ መጡ ለሚጠይቅ፣ ብዙዎቹ ከፈረሱ የጥጥ ፋብሪካዎች ወለል የተነሡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ መኪናው ቆሞባቸው የነበረበት ቀዳዳ እስከ ዛሬ አለባቸው፤ በዝናብ ቀን ውሃ ይቋጥራል፣ መንገደኛውም እየዘለለው ያልፋል።