ውሃው ሲሸሽ ሕግ አይሽሽ

የጣና ዳር ልጆቼ፣ ደምቢያም ፎገራም ያላችሁ፣ ጆሮ ስጡኝ። እናንተም ማኅተም የያዛችሁ፣ ምክሩ ለእናንተም ነውና ቁጭ በሉ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። በገበሬውና በሹሙ መካከል የተነሣው የሐይቁ ዳር ወሰን ሙግት ሥሩ ወዲህ ነው። ጣና የክረምቱን ጎርፍ ጠጥቶ በመስከረም ይሞላል፤ ከዚያ እየጎደለ ሄዶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሁሉ ዝቅ ይላል። ሲጎድል ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል፤ ባሕር ሸሽ የምንለው እሱ ነው። እርጥቡ ብቻውን ሽንብራና ጓያ ያበቅላልና ድሃው ዘሩን ይዞ ውሃውን ይከተላል። ዘንድሮ አንድ ትልም፣ ለከርሞ ሌላ፤ ውሎ አድሮ ጎጆ ይቀልስና «ይዞታዬ ነው» ይላል። ሹሙ ደግሞ ባሕሩ ጢም ባለበት ወር መጥቶ ችካል ይተክላል፤ የሰው ጓሮ ከሐይቁ ይደመራል። አንዱ በግንቦት ይለካል፣ ሌላው በመስከረም። ሁለቱም አልዋሹም፤ ያዩት ግን የዓመቱን ግማሽ ነው።

ገበሬው ልጄ ሆይ፣ የዳሩን ደንገል ስትመነጥር የማንን እንደምትነቅል አስብ። ታንኳ የሚታሰረው በእሱ ነው፤ ዓሣ የሚራባው እሱ ሥር ነው፤ ከላይ የሚወርደውን ደለል የሚያጣራውም እሱ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ብሎታል፤ ዳርቻውንም መከለልና ቤት እንዳይሠራበት መከልከል ይፈቅዳል። በሐይቅ ወለል ላይ ቤት ሠርቶ ካሳ መጠበቅ አያዋጣም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።»

ሹም ልጄ ሆይ፣ አንተም ስማ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር፤ ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘትን መብት ለማንም ሰጥቷል። የይዞታ ደብተር በእጁ ያኖርክለትን፣ ግብሩን በየዓመቱ የተቀበልከውን ሰው ማታ ነግረህ ጠዋት አትንቀለው። ደግሞም በሐይቁ መውጫ ጨረጨራ ላይ ግድብ ከቆመና በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የባሕሩን ከፍታ የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። ከማመንጫው ቀድሞም በ1995 ዓ.ም. ውሃው ክፉኛ ሲሸሽ ሰው የተገለጠውን ወለል ተከትሎ አረሰ። ውሃውን የሚይዘውና የሚለቀው መንግሥት ከሆነ፣ ለወሰኑም ጠብ ተጠያቂነቱን ይካፈል።

እንግዲህ ምን ይሁን? ቀያሹ ብቻውን አይውጣ። የአገር ሽማግሌው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ የነገደ ወይጦው ደንገል ቆራጭ፣ ባለ ደብተሩ ገበሬ አብረውት ዳሩን ይዙሩ፤ በመስከረምም በግንቦትም ይዙሩ። የብዙ ዘመን የውሃ ከፍታ መዝገብ በሰው ፊት ይነበብ። ችካሉ ሁሉ እያየ ይተከል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ግልባጩም በየቤቱ ይግባ። በስውር የተተከለ ችካል በስውር ይነቀላል።

ካልተስማማችሁም ዱላ አታንሡ፤ ወረቀት አንሡ። ለሕዝብ ጥቅም መሬትህን ልቀቅ የሚል ትእዛዝ ሲደርስህ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት አቤት የምትልበት ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ከቅሬታ ሰሚው አልፎም እስከ ፍርድ ቤት ያደርሳል። ደብተርህንና የግብር ደረሰኝህን ይዘህ ሂድ እንጂ ቀኑን በቁጣ አትፍጀው። ቀኑ ካለፈ እውነት ይዘህም ትረታለህ።

አባቶች «በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል» ሲሉ፣ ቃሉ የሚያቆመው አንደኛውን ወገን ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ፍርዱ እስኪወጣ ገበሬ አዲስ ትልም አያውጣ፣ ሹምም ዶዘር አያስነሣ። ሲወጣም የተረታው ይቀበል፤ የረታው አይፎክር። ዳኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ባሕሩ ዳር አብራችሁ የምትከርሙት እናንተ ናችሁ።